ሊኑክስ ላይ ፒችትሪ፦ ቨርቹዋልቦክስን ለወራት ሠርቼበት

ባሕር ዳር ውስጥ የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ደንበኞቼ የቀበሌ 14 ሱቆች፣ ጥቂት ዕቃ አቅራቢዎችና ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ፔንሲዮን ናቸው። ላፕቶፔ ላይ ያለው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ግን የዊንዶውስ ነው፤ ደንበኞቼ ደግሞ ከፒችትሪ ንቅንቅ አይሉም። ዲስኩን ለሊኑክስና ለዊንዶውስ ለሁለት ከፍሎ በየጊዜው አጥፍቶ ማስነሳት ለእኔ ሥራ አይሆንም። ደንበኛ ሲደውል ኢሜይሉንም መዝገቡንም እኩል ማየት አለብኝ። ስለዚህ ዊንዶውስ 10ን ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ጫንኩት፤ ይህ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ወራት አለፉ፣ አሁንም የምሠራው በእሱ ነው።

ፍጥነቱ አያሳስብም። ላፕቶፑ 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ አለው፤ ለዊንዶውሱ 6 ጊጋና ሁለት ኮር ሰጠሁት። ፒችትሪ ቀላል ስለሆነ ሌላ ማሽን ውስጥ መሆኑ አይታወቅም። 8 ጊጋ ራም ያለውም ይሠራል፣ ብሮውዘር ሲከፈት ግን ማቃሰት ይጀምራል። 4 ጊጋ ያለው ባይደክም ይሻላል። ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግም አልመክረውም፣ ግራፊክሱ ደካማ ነው። ከመጫን በፊት ባዮስ (የላፕቶፑ መነሻ ቅንብር) ገብቶ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ቪቲኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤኤምዲቪ የሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ድጋፍ መከፈቱን ማየት ያስፈልጋል።

እኔን የማረከኝ ሌላ ነገር ነው። ዊንዶውሱን ባለበት ማቆም ይቻላል። መስኮቱን ስዘጋው ሦስት ምርጫ ይሰጠኛል፤ የመጀመሪያው ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ 30 ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ነጎድጓዱ የሚበረታው ያኔ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ያረጀ ባትሪ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። እየጻፈ ያለ ፒችትሪ ድንገት ሲጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። አሁን መብራት ሲሄድ ወዲያው አስቀምጬ ላፕቶፑን አጠፋለሁ። ሲመለስ ያልጨረስኩት ቫውቸር ከነጠቋሚው ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ጌስት አዲሽንስ የሚባለው የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ዊንዶውሱ ውስጥ ይጫን። ካልተጫነ ሰዓቱ ካቆመበት ስለሚቀጥል ቫውቸሩ በትናንት ቀን ይገባል። ለሒሳብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም ዊንዶውሱን ዘግቶ መያዝ መቻሉ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የእኔ ፒችትሪ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ የውስጠኛውን ዊንዶውስ ኔትወርክ አቋርጬዋለሁ። ፍላሽም አያይም። በከተማችን ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ሲዞር ውሎ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። እኔ የምሰካው ሊኑክሱ ላይ ነው። ፎልደር ደብቆ ሾርትከት የሚያስቀምጠው የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ አይነሳም፤ የተደበቀውም ፎልደር በግልጽ ይታያል። የምፈልገውን ኤክሴል ብቻ ለይቼ ሁለቱም በሚያዩት ሼርድ ፎልደር አስገባለታለሁ።

ስናፕሾትም አለ፤ ዊንዶውሱ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ የሚያስቀር ማለት ነው። አዲስ ነገር ከመጫኔ በፊት አንድ አነሳለሁ፤ ከተበላሸ ወደዚያ እመልሰዋለሁ። ግን ልብ ይባል፦ ሲመለስ መዝገቡም አብሮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የፒችትሪ ባክአፕ በየማታው ወደ ሊኑክሱ መውጣት አለበት። ስናፕሾት ሲከማች ዲስክም ይበላል። የዊንዶውሱን ዲስክ የሚይዘውና ራሱን እያሰፋ የሚሄደው ፋይልም ውስጡ ቢጸዳ በራሱ አያንስም።

ደስ የማይለው የከርነል ነገር ነው። ከርነል፣ ማለትም የሊኑክሱ ዋና እምብርት፣ ሲታደስ ከእሱ ጋር የሚያያዘው የቨርቹዋልቦክስ ክፍል (ሞጁል) አብሮ መገንባት አለበት፤ ሴክዩር ቡት የሚባለው የላፕቶፑ መነሻ ጥበቃ ከበራ ደግሞ ሞጁሉ ዲጂታል ፊርማ ይጠይቃል። ያ ካልተሟላ ዊንዶውሱ አይነሳም። ስለዚህ ሰኔ ላይ ከርነል አልነካም፤ ሐምሌ እስኪገባ ይቆይ።

ዋጋን በተመለከተ ዋናው ፕሮግራም በጂፒኤል ፈቃድ የተለቀቀ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ግን በነጻ የተፈቀደው ለግል አገልግሎትና ለትምህርት ነው። የእኔ ሥራ የገንዘብ ስለሆነ አልጫንኩትም፤ አላስፈለገኝምም። ከቨርቹዋልቦክስ 7.0 ጀምሮ የዩኤስቢ 2 እና 3 ድጋፍ ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ገብቷል። ዊንዶውሱ ግን የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቨርቹዋል መሆኑ ከዚያ አያድነውም።

ላፕቶፕ መቀየር ለሚያስብ ደግሞ፣ ዊንዶውሱ ከነፒችትሪው አንድ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። በቀጥታ ከማጥፋት ይልቅ በትክክል ሹትዳውን ተደርጎ ፎልደሩ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገለበጣል፤ አዲሱ ማሽን ላይ ይከፈታል። ዲስኩ ፋት 32 ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኢኤክስፋት ፎርማት ይደረግ፤ ያለበት ፋይል ስለሚጠፋ ቀድሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።