ጄሜተር፦ የጫና ሙከራ ውጤት አሰባሰቡና አቀራረቡ

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ ኮሌጅ የምዝገባ ድረ ገጽ ስንሠራ፣ ተማሪው ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲገባ ገጹ ይችለው እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ ስለነበረብን አፓቼ ጄሜተርን ተጠቀምን። በጃቫ የተሠራ፣ እንደ ብዙ ተጠቃሚ ሆኖ ገጽ እንዲከፈትለት ለሰርቨሩ ጥያቄ በብዛት የሚልክ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ እዚህ የምገመግመው ጫና የመፍጠር አቅሙን ሳይሆን ውጤት የሚሰበስብበትንና የሚያሳይበትን መንገድ ነው።

ውጤቱን በዛፍ መልክ የሚዘረዝረው መስኮት ለጅምሩ ሥራ እጅግ ይጠቅማል። የተሳካው ጥያቄ በአረንጓዴ፣ ያልተሳካው በቀይ ምልክት ይታያል፤ አንዱን ሲጫኑት ሰርቨሩ የመለሰው ገጽ ከነጽሑፉ ይወጣል። እኛም አረንጓዴ ምልክት ያለበትን አንዱን ስንከፍት «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ አገኘን። ሰርቨሩ «ተሳክቷል» የሚል ትርጉም ያለውን 200 የተባለ ኮድ እስከመለሰ ድረስ ጄሜተር ጥያቄውን እንደ ስኬት ስለሚቆጥረው፣ በገጹ ላይ መገኘት ያለበትን ቃል የሚፈትሽ አሰርሽን ካልተጨመረ ሪፖርቱ በሙሉ ያሳስታል። ይህ መስኮት ሚሞሪ ስለሚበላም ዋናው ሙከራ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በተርሚናል ብቻ መካሄድ አለበት።

በተርሚናል ሲሠራ የእያንዳንዱ ጥያቄ ሰዓት፣ የወሰደው ሚሊሰከንድና የምላሽ ኮዱ በአንድ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ይመዘገባል። ይህን አሠራር ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሙከራው ካለቀ ከሳምንት በኋላም ቢሆን ፋይሉን መልሶ መክፈት ይቻላልና። ነገር ግን መብራት በድንገት ከጠፋ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ሳይጻፉ ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ እንደኛ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ወደ ፋይሉ የሚያስጽፈውን አውቶፍላሽ የተባለ ቅንብር ቢያበራ ይሻለዋል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ፣ ማለትም ከ3.0 እትም ወዲህ፣ ከዚሁ ፋይል በብራውዘር የሚከፈት ባለ ግራፍ ሪፖርት ማውጣት ተችሏል። ሪፖርቱ ከአማካዩ ጎን 90ኛውን፣ 95ኛውንና 99ኛውን ፐርሰንታይል (ለምሳሌ 99ኛው ማለት ከ100 ጥያቄ 99ኙ ተመልሰው ያለቁበት ጊዜ ነው) ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከ100 ጥያቄ 95ቱ በ1 ሰከንድ፣ 5ቱ ደግሞ በ21 ሰከንድ ቢመለሱ አማካዩ 2 ሰከንድ ብቻ ይሆናልና፣ እነዚያ አምስት ተማሪዎች ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው መቆየታቸውን ከአማካዩ ማንም አያውቅም። የሚቀመጥበት ፎልደር ባዶ ካልሆነ ግን ሪፖርቱን ለማውጣት እምቢ ይላል።

አንድ ጎደሎ አለው፦ ሪፖርቱ ጥያቄው ከተላከበት ኮምፒውተር በኩል የታየውን ብቻ ስለሚነግር፣ የሰርቨሩ ፕሮሰሰርና ሚሞሪ በዚያ ሰዓት ምን ላይ እንደነበሩ ለማወቅ ሌላ መከታተያ ጎን ለጎን መክፈት ግድ ይላል።