የጎፍን ያስወጣኝ አስጎብኚ

ደሴ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴ ጂኦግራፊ ነው። ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር የጎፍን፣ ከከተማው በላይ ያለውን ባለ ደን ተራራ፣ ቀና ብዬ አይቼ እመለስ ነበር። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ግን ወጣሁት። ያስወጣኝ እዚያው ከደኑ ሥር ያደገ ወጣት አስጎብኚ ነው። ስሙን ለመጻፍ ፈቃዱን ስላልጠየቅኩ አልጠቅሰውም። ስለ ሥራው ግን ልናገር።

ስደውልለት መጀመሪያ ዋጋ ይነግረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ይጠይቀኝ ጀመር። ደረጃ ሲወርዱ ጉልበትዎን ያምዎታል? ጫማዎ አዲስ ነው ወይስ የለመዱት? ጠዋት ምግብ ይበላልዎታል? ግራ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ እንደሚያስቸግረኝ ነገርኩት። «አብሽሩ ቲቸር» አለኝ። «በአጭሩ እንወጣና በረጅሙ እንወርዳለን።» አቀበት ሳንባን ነው የሚፈትነው፤ ጉልበትን የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። ይህን ሳላስረዳው ገባው።

እኔም በበኩሌ ሒሳቤን ሠርቼ ነበር። ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው የተራራ ጉዞ ሰዓት ማስሊያ ቀመር አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ትይዛለህ፤ ለየ600 ሜትር አቀበት ደግሞ አንድ ሰዓት ትጨምራለህ። የእኛ መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አቀበቱ 600 ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ወጣልኝ። ልጁ «ስድስት ሰዓት ያዙ» አለኝ። ቀመሩ እረፍትን አይቆጥርም፤ የሃምሳ ሁለት ዓመት ጉልበትንም አያውቅም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ተነሥተን 7 ሰዓት ከ20 ላይ ጨረስን።

አንድ ነገር አስቀድሞ ቁርጥ አድርጎ ነግሮኛል። 5 ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ መውረድ እንጀምራለን። ጫፍ ላይ ብንደርስም ባንደርስም። ከዋዜማው ደግሞ ለደኑ ጥበቃዎች ደውሎ መምጣታችንን ተናግሯል፤ የአካባቢውንም ሰላም ጠይቋል። ባለፉት ዓመታት ወሎ ያየነውን አይተናል። እንዲህ የሚያጣራ ሰው ሳላገኝ ጫካ አልገባም።

ከደሴ 12 ሰዓት ላይ በሚኒባስ ወጣሁ። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ።

መጀመሪያ ያስገባኝ የፈረንጅ ጥድ የተተከለበት ቦታ ነው። ዛፎቹ ቀጥ ቀጥ ብለው ተጠጋግተው ቆመዋል። ከሥራቸው ሣር እንኳ የለም፤ ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው። ያ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ይለሰልሳል፤ ተዳፋት ላይ ግን ያንሸራትታል። ዱላ ቆርጦ አልሰጠኝም። ከቤቱ የወይራ ከዘራ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ከፍ እያልን ስንሄድ ጫካው ተለወጠ። የሐበሻ ጥድ መጣ፤ ቅርፊቱ እየተላጠ እንደ ልጥ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ክትክታ፣ አጋም፣ ቀጋ። ወይራም አለ። ብርሃኑ እየተሰባበረ ይገባል፤ ወፉም ይንጫጫል። ልጁ ቆመና «እዚያ ታች ድምፅ ሰምተዋል?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ለተማሪዎቼ ስለ ተፈጥሮ ደንና ስለ ተከላ ደን ልዩነት ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ ሥዬአለሁ። በጆሮ እንደሚለይ ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

4 ሰዓት ከ40 ላይ የቦርከና ሸለቆ ከነ ኮምቦልቻ ከተማው ከታች ተዘረጋ። እዚያ በሶአችንን በላን፤ ቆሎም ነበረን። ሹራብ መያዜ ጠቀመኝ። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይቀንሳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ላብ የነካው ልብስ ይበርዳል።

ቁልቁለቱ እንዳለው ረጅምና ለስላሳ ነበር። ጉልበቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስቀመጠኝ። ስንጨርስ ከመንገዱ ዳር ያለች እናት ጠርታን ቡና አፈላችልን። ሦስተኛውን ሳንጠጣ አልለቀቀችንም። ይህ በክፍያው ውስጥ የለም፤ የወሎ ነው።

የጎደለውንም ልናገር። የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳው ውስጥ ያለው አንድ ፋሻና ግማሽ የአልኮል ጠርሙስ ብቻ ነው። ለጉልበት የሚሆን ላስቲክ ፋሻ እንኳ የለውም። ትርፍ ውኃም አልያዘም። እኔ 3 ሊትር ይዤ ነበር፤ ከዚያው ተካፈልን። የእግረኛ ሥራ ነው፤ ውኃ ላይ መቆጠብ አይገባም። ይህን ለራሱም ነግሬዋለሁ፤ ሳይከፋው ሰማኝ። የመመለሻው ባጃጅም ሃምሳ ደቂቃ አስጠበቀን።

ክፍያው 1,800 ብር ነው። ለአንድ ሰውም ለአራት ሰውም ያው ነው፤ ስለዚህ ሰው ፈልጋችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ባጃጁ ለብቻው ይከፈላል። ሲደወልለት ስለማይናገረው እናንተ ጠይቁ። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ያ ቅጠልና ጭቃ ተቀላቅሎ አስቸጋሪ ነው፤ በልግም ሲዘንብ እንደዚያው። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግማሹን መንገድ ብቻ እንዲያስኬዳችሁ ንገሩት። የጥዱ ጫካ ውስጥ ገብቶ መመለስ ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል።

ጥር ላይ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ይዤ ልመለስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለዚህን ያህል ልጅ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል ብሎ የአጎቱን ልጅ ሊጨምር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ልጆቹ ጫማ ነው።