የክፍት ጎማ ውድድር መኪና ኪት፦ የቮልስ፣ የፎርድ ወይስ የሞተር ሳይክል ሞተር?

ጎማዎቹ ከገላው ውጭ የቆሙ፣ ባለ አንድ ወንበር የውድድር መኪና ከኪት፣ ማለትም ተፈታትቶ ከሚሸጥ ዕቃ፣ በገዛ እጁ ገጥሞ መንዳት የሚያምረው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምትወዳደርበትን ክለብ ደንብ አንብብ እላለሁ። ደንቡ የማይቀበለውን ሻሲ ከገዛህ መኪናህ ለልምምድ ቀን ብቻ የሚወጣ ውድ መጫወቻ ይሆናል። ደንቡን ካወቅህ በኋላ ምርጫው ባብዛኛው ከሦስት ዓይነቶች አይዘልም።

የመጀመሪያው ፎርሙላ ቪ ነው። የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቀበለው ይህ የውድድር ክፍል አሠራሩ ግልጽ ነው፦ የቮልስን ሞተር፣ ካምቢዮና የፊት አክስል አውጥቶ በብረት ቱቦ ሻሲ ላይ መግጠም። ሞተሩ መነሻው 1200 ሲሲ ሲሆን እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች በኋላ 1600ውን ፈቅደዋል። ኤመርሰን ፊቲፓልዲና ኒኪ ላውዳ ወደ ፎርሙላ 1 ከመውጣታቸው በፊት በዚህ ነድተዋል። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለ፣ የውሃ ቱቦ የለ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከጥቂት ሜትር አያልፍም።

ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ ካምቢዮው። ቮልስ ላይ ሞተሩ የተቀመጠው ከካምቢዮው በስተኋላ ነው። ቪ ላይ ሞተሩ ወደ ፊት መጥቶ ካምቢዮው ጭራ ይሆናል፤ ማለትም ሁሉም ነገር ፊቱን አዙሯል። እንዲሁ ከገጠምከው አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ታገኛለህ። ስለዚህ ካምቢዮው ተፈትቶ ኮሮናው (ጎማዎቹን የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ) ከፒኞኑ (እሱን ከሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) በሌላኛው ጎን እንዲቀመጥ መገልበጥ አለበት። ሥራው መገልበጡ ላይ አያበቃም። የኩሽኔታውን ጥብቀትና የጥርሶቹን ክፍተት በስስ የብረት ቀለበቶች እንደገና መለካት፣ ጥርሱን ቀለም ቀብቶ የት ላይ እንደሚነካካ ማየት ይጠይቃል። ይህን ሠርቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያ መኪናው ባይማርበት ይሻላል። ሻጩን «ካምቢዮው ተገልብጦና ተለክቶ ነው የሚመጣው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ከተንዛዛ ነገሩ ለአንተ ቀርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፎርሙላ ፎርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ብራንድስ ሃች ላይ ተጀመረ። በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ኬንት የሚባለው 1600 ሲሲው የፎርድ ሞተር ነው፤ ጉልበቱ ከ100 ፈረስ በጥቂቱ ይበልጣል፣ ክንፍም የለውም። የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነው አይርተን ሴና እ.ኤ.አ. በ1981 እንግሊዝ ሄዶ የጀመረው በዚህ ነበር። ከቪ ጋር ሲተያይ ሁሉ ነገር ተስተካካይ ነው፦ የጎማው ዘመም (ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ)፣ የፊት መጠቆሚያው (የጎማዎቹ አፍንጫ የሚያይበት አቅጣጫ)፣ ከፍታው፣ ሞላው። ሂውላንድ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው የውድድር ካምቢዮም ሽፋኑ ከኋላ ስለሚከፈት የማርሽ ጥርሶቹን እንደ መንገዱ መቀየር ይቻላል። ይህ ለሚያውቅበት በረከት ነው፤ ለጀማሪ ግን መኪናውን በገዛ እጁ የሚያበላሽበት ብዙ በር ነው። ደግሞ ፎርድ በአዲስ ኪት መልክ እንደ ቪ በቀላሉ አይገኝም። «ኪት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የተፈታ አሮጌ መኪና ነው። ያ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ብቻ ስሙን ሳትሰማ እቃውን ቁጠር።

ሦስተኛው የሞተር ሳይክል ሞተር የተገጠመለት ነው። 1000 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከ150 ፈረስ በላይ ይሰጣል፣ ከነካምቢዮው አንድ ላይ ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ከሁለቱ ይበልጣል፤ እኔም መጀመሪያ ልቤ የሄደው እዚህ ነበር። ችግሩ ሞተሩ ለሌላ ኑሮ መሠራቱ ነው። ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ ይጋደማል፣ ዘይቱም አብሮ ታዝዞ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይቀመጣል። መኪና አይጋደምም፤ ዘይቱ ወደ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ይጠጣል፣ ኩሽኔታው ይቃጠላል። ካርተሩ ውስጥ መከለያ ያልሠራ ወይም ዘይቱን በተለየ ጋን የማያስቀምጥ ኪት አትንካ። ፍሪሲዮኑም የተሠራው ለ200 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሾፌር የተቀመጠበትን ከዚያ በእጥፍ የሚከብድ መኪና ከቆመበት ሲያስነሳ ቶሎ ይቃጠላል። ብዙዎቹ የኋላ ማርሽ የላቸውም፤ አዙሪት ውስጥ ገብተህ አጥር ፊት ከቆምክ የሚገፋህ ትጠብቃለህ። የኤሌክትሮኒክሱ ሳጥን ደግሞ አሁንም ራሱን ሞተር ሳይክል ላይ ያለ ይመስለዋል። የማቆሚያ እግሩን ምልክትና የመውደቂያውን ሴንሰር ካላገኘ ሞተሩን ያጠፋዋል። ቤንዚን አለ፣ ካንዴላው ደህና ነው፣ ግን አይነሳም፤ ምክንያቱ ያቺ ትንሽ ሴንሰር ተገልብጣ መታሰሯ ሊሆን ይችላል።

አሁን ኪቱ ወደሚመጣበት ሳጥን። ሦስቱም ዓይነት «ሙሉ ኪት» እየተባለ ይሸጣል፤ «ሙሉ» የሚለውን ቃል ግን እያንዳንዱ ሻጭ የሚፈታው በራሱ መንገድ ነው። ሻሲ፣ የፋይበር ግላስ ገላና ጎማውን ከሻሲው የሚያያይዙ ክንዶች ይኖራሉ። የሚጎድሉት የጥንካሬ ደረጃ የተጻፈባቸው ቡሎኖች፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ የቤንዚን ከረጢት፣ የደህንነት ቀበቶ፣ የእሳት ማጥፊያና ቆጣሪዎች ናቸው። አንዱን አንዱን ስታየው ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን የመኪናውን ግማሽ ያህል ጊዜ ይበላል። ቀበቶው ጊዜ የሚያልፍበት ዕቃ መሆኑንም አትርሳ፤ ቀኑ ያለፈበት ቀበቶ ፍተሻ ላይ ይጥልሃል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ፍሬኑ ነው። ውድድር መኪና ለፊትና ለኋላ የየራሱ ማስተር (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ) አለው፤ ፔዳሉ ላይ ያለች ዘንግ የእግርህን ግፊት ለሁለቱ ታካፍላለች። እኔ የዚያችን ዘንግ ጫፎች በደንብ አጥብቄ «ጥሩ ሠራሁ» ብዬ ነበር። ከፍሬኑ አየር ላወጣ የኋላውን መስመር ስከፍት ፔዳሉ መሃል ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ዘንጓ ስትዘነብል የምትንቀሳቀስበት ክፍተት ስላልተውኩላት ታንቃ ነበር። መንገድ ላይ አንዱ መስመር ቢበጠስ ሌላውም እንደማይዝ ያወቅሁት ጋራዥ ውስጥ በመሆኑ ዕድለኛ ነኝ።

ሌላው ከመክፈልህ በፊት መደረግ ያለበት መቀመጥ ነው። ሔልሜት አድርገህ፣ የምትነዳበትን ጫማ ተጫምተህ ሻሲው ውስጥ ግባ። የኋላው መከላከያ ቅስት ከሔልሜቱ በላይ መሆን አለበት፤ ስንት እንደሚያልፍ የክለብህ ደንብ ይነግርሃል፣ ብዙውን ጊዜ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጉልበትህ መሪውን ከነካ፣ እግርህ አንድ ፔዳል ሲረግጥ ሌላውን ከጫነ፣ ሻሲው የአንተ አይደለም።

የእኔ ምርጫ? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጥም ሰው ቪውን ይውሰድ፤ ካምቢዮው ተዘጋጅቶ እስከመጣ ድረስ። ከዚህ በፊት ሞተር ፈትቶ የገጠመና ማስተካከል የሚወድ ፎርዱን ይፈልግ። የሞተር ሳይክሉ ግን ኤሌክትሪክ የሚገባው ጓደኛ ላለው ነው። የትኛውንም ብትመርጥ ሻሲውን በወፍራም ዱቄት ቀለም አስቀብተህ እንዳትቀበል። ብየዳው ላይ ስንጥቅ ሲጀምር ያ ቀለም እንደ ፕላስተር ይሸፍነዋል። ስስ የሆነ ግራጫ ቀለም ግን ቡናማ የዝገት መስመሯን ከሩቅ ያሳይሃል።