ኮምቦልቻ ላለው መካኒክ ወንድሜ፣ ስለ ፒካፔ ምስጋና

ሰላም የወሎ ሰዎች፣ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ መኪና ያላችሁ። አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው የመጣሁት። «ስሜን እንዳይጽፉብኝ» ስላለኝ አልጽፍም። የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

እኔ ከሐርቡ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫንኩ ደሴ አወጣለሁ። መኪናዬ ባለ ቤንዚን ደብል ጋቢና ፒካፕ ናት፤ ልጆቼ የሚበሉት ከእሷ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ቀስ በቀስ ጉልበት አጣች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣ የነበረች መኪና በሁለተኛ ማቃሰት ጀመረች፣ ከኋላ የሚኒባስ ጥሩምባ ይጮህብኛል፣ ቤንዚኑን እንደ ውኃ ትጠጣለች፣ ደሴ ገብቼ ስወርድ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይቀበለኛል።

የመጀመሪያው ጋራዥ በኮምፒውተር አይቶ «ሴንሰር ነው» አለኝ። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካውን የኋላውን የኦክሲጅን ሴንሰር አስቀየርኩ። በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ በራ። ሌላ ቦታ «ካታሊቲኩ ነው (የጭስ ቱቦው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ)፣ አንጀቱን አውጥተን ባዶ ቱቦ እናድርገውና ትገላገያለሽ» አሉኝ። ሌላው ደግሞ «ደሴ ከፍታ ነው፣ ማንኛዋም መኪና ትደክማለች» ብሎ ሸኘኝ። በየቦታው ብር ከፍያለሁ። ሴት ስለሆንኩ አይገባትም ያሉኝ ይመስለኝ ነበር፣ ያ ከብሩ በላይ ያበሽቀኝ ነበር።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ የሽንኩርት ደንበኛዬ ናት። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት አስቀምጦ ጠየቀኝ። ዘይት ትበላለች? የራዲያተር ውኃ ይጎድላል? መብራቱ እንዲህ በርቶ ከመቅረቱ በፊት ብልጭ ድርግም ብሎ ያውቃል? ሦስተኛውን ሲጠይቀኝ ነው ትዝ ያለኝ። አዎ፣ ሙሉ ጭነት ይዤ ዳገት ላይ ብልጭ ድርግም ሲል መኪናዋም ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ሜዳ ስትገባ ስለተዋት እኔም ረሳሁት።

«እትዬ፣ አብሽሩ፣ በሽታው ከዚያ ነው የጀመረው» አለኝ። አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲዘል ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ማርሚታው ይወርዳል፣ ካታሊቲኩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፣ ውስጡንም ያቀልጠዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ፒ 0420 የሚለው ኮድ ካታሊቲኩ ሥራውን እየሠራ አይደለም ማለት ነው። የቀደሙት እሱን ብቻ አይተው ነው የተነሱት። እሱ ግን ሌላ ተቀምጦ የቆየ ኮድ አገኘ፣ ፒ 0303፤ ሦስተኛው ሲሊንደር እየዘለለ ነው የሚል። ካታሊቲኩ መሥራቱን የሚያየው የኋላው ሴንሰር ወሬ ነጋሪ ነው አለኝ። በሽተኛውን ትተው ወሬ ነጋሪውን ነው የቀየሩት።

ከዚያ የሦስተኛውን ኮይል፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው አዛወረ። ስካነሩን ሰክቶ አጠገቤ ተቀመጠና ጭነቴን እንደያዝኩ ሐረጎን አብረን ወጣን። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ስክሪኑን አሳየኝ፣ አሁን የሚዘለው አንደኛው ሆኗል። ኮይሉ በሄደበት በሽታውም ሄደ። በዓይኔ አየሁት! ስለ ከፍታው ስጠይቀውም በደንብ መለሰልኝ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር ከመቶ ስድስት ሰባት ያህል ጉልበት ያጣል እንጂ ግማሹን አያጣም አለኝ።

ካታሊቲኩንም በግምት አልፈረደበትም። መጀመሪያ ማርሚታው የሚተነፍስበት ቀዳዳ እንደሌለ አረጋገጠ፣ ምክንያቱም ቀዳዳ ካለ ሴንሰሩ ተሳስቶ ያንኑ ኮድ ሊያመጣ ይችላል። ካታሊቲኩ ጤነኛ ቢሆን የኋላው ሴንሰር 0.6 እና 0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ይል ነበር፤ የእኔው ከ0.1 እስከ 0.9 ይዘላል። ከዚያ ከካታሊቲኩ በፊት ያለውን ሴንሰር ፈታና በቦታው የግፊት መለኪያ አሰረ። ሞተሩ 2,500 ዙር ላይ ሲይዝ ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በታች መሆን የነበረበት 7 አለ። ጭሱ መውጫ አጥቶ ሞተሩን እያነቀው ነበር ማለት ነው።

ባዶ ቱቦ እናድርገው ያሉኝን ስነግረው ፊቱ ተቀየረ። ካታሊቲኩ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት የሚቀይር ዕቃ ነው። አንጀቱ ከወጣ መርዙ እንዳለ ሰው ላይ ይለቀቃል። መብራቱም አይጠፋም። «ይህንን የሚተነፍሱት መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናቶች ናቸው፣ እኔ አልሠራውም» አለኝ። በዚህ ቃሉ ነው ይበልጥ ያከበርኩት።

አዲሱ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን መጣ። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ዝገት መፍቻ ዘይት ነክሮ አሳደራቸው፣ አንዱም ሳይሰበር ወጣ። አሮጌውን ወደ ፀሐይ አንስቶ እንዳይ አደረገኝ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ ቀዳዳ የተሞላ መሆን ነበረበት፤ መሃሉ ግን እንደ ሻማ ቀልጦ ተደፍኗል። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለበት አሮጌውም ዋጋ አለው ብሎ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዝም ብሎ ሊያስቀረው ይችል ነበር፣ እኔ ምን አውቄ።

ኮይሉን፣ አራቱንም ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮኑንም ቀየረ፤ የዕቃዎቹን ደረሰኝ አንድ በአንድ አስረከበኝ። ለእጁ የጠየቀኝ ለዚያ ለማይጠቅም ሴንሰር ካወጣሁት ያንሳል። ኮዱ ተሰርዞ መብራቱ ስለጠፋ ብቻ አልለቀቀኝም፣ ሳምንት ሠርተሽባት እንደገና ልያት ብሎ ቀጠረኝ... ይቅርታ፣ «ሠርተውባት» ነው ያለኝ፣ ልጁ ሁሌም በአንቱታ ነው። በሳምንቱ አየ፣ ምንም ኮድ የለም። ትናንት ስምንት ኩንታል ጭኜ ሐረጎን በሦስተኛ ወጣሁ፣ ሽታውም የለም።

ለእናንተም ከእሱ የሰማሁትን ላካፍል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጭነት አትግፉ፣ ቀስ ብላችሁ ቅርብ ያለ ጋራዥ ግቡ። አውድማ አካባቢ የምትጭኑ ደግሞ ጭድና ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ፣ ካታሊቲክ እሳት የሚያስነሳ ግለት አለው።

ወንድሜ፣ አላህ እጅህን ይባርከው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ስልኩን የምትፈልጉ ጻፉልኝ። ሰኞ ባቲ ገበያ ስለምሆን ማታ ነው የምመልሰው። ወደ እሱ የምትሄዱ ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብትደርሱ ይመርጣል፣ ዓርብ ከሆነ ግን ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍተው።