ለሞምባሳ የመኪና ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባሉ ሕንፃዎች ላይ «ከሞምባሳ እስከ ላሙ በመኪና፣ ሁሉን ያካተተ» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ፎቶው ልብ ይሰርቃል፤ ነጭ አሸዋ፣ ዶልፊን፣ ዝሆን። የሥራ ባልደረባዬ ከእነዚህ ቢሮዎች በአንዱ ግማሹን ከፍላ አሁን ገንዘቧን ለማስመለስ ትመላለሳለች። ስሙን እዚህ አልጠቅስም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ፕሮግራም ብለው የሰጧትን ወረቀት ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የጻፈው ሰው አካባቢውን በካርታ እንኳ ያየው አይመስልም።

ክፍያውን እዩ። «የቪዛ ማስፈጸሚያ 60 ዶላር» ይላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። ታዲያ የሚያስፈጽሙት ምኑን ነው? የሚያስፈልገው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ደግሞ ጭራሽ አልተነሳም። «የጀልባ ትኬት በነፍስ ወከፍ 15 ዶላር» የሚልም አለ። ከሞምባሳ በስተደቡብ ወዳለው የዲያኒ የባሕር ዳርቻ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ እግረኛን በነፃ ነው የሚጭነው። የሚከፈለው ለመኪና ነው፣ እሱም በሽልንግ። ሁሉን ያካተተ ተብሎ ሳለ የፓርክ መግቢያ «በር ላይ በጥሬ ገንዘብ» ይላል። የኬንያ ብሔራዊ ፓርኮች በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

የላሙው ይብሳል። «ጠዋት ከዲያኒ ተነስተን ምሳ ላሙ፤ ከሰዓት አሮጌውን ከተማ በመኪና መጎብኘት።» ርቀቱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ ላሙ ደሴት ናት። መኪናው ከደሴቷ ማዶ ሞኮዌ በተባለው ወደብ ላይ ይቆምና በጀልባ ትሻገራላችሁ። በዩኔስኮ የተመዘገበችው አሮጌ ከተማ መንገዷ ጠባብ ነው፤ ዕቃ የሚያመላልሰው አህያ ነው። እንዴት ያለ የመኪና ጉብኝት እንዳሰቡ እነሱ ያውቃሉ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአልሸባብ ጥቃት ስሙ በተደጋጋሚ ሲነሳ የኖረ ነው። ስለ ጸጥታ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም።

ጉዞው ደግሞ ግንቦት ላይ ነው። ሚያዝያና ግንቦት እዚያ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። ባሕሩ ይደፈርሳል፣ ሆቴሎችም ራሳቸው ዋጋ ይጥላሉ። «ታላቅ ቅናሽ» ያሉት ይህንኑ ነው። ዓሣ ነባሪ እናሳያለንም ይላሉ። ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ማሊንዲ አጠገብ ባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ በዋታሙ በኩል በብዛት የሚያልፉት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው።

ጉዞው ራሱ በወቅቱ ከተሄደ ያምራል። ዲያኒ ላይ የእኛን ጉሬዛ የሚመስል ጦጣ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ። ሺምባ ሂልስ ዝሆን አለ፣ ኪሲቴ ዶልፊን። የዋታሙ የባሕር ፓርክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ከሞምባሳ ማሊንዲ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የገዲን የጥንት ፍርስራሽ አይታችሁ ሳይመሽ ትደርሳላችሁ። ከቦሌ ሞምባሳ ቀጥታ በረራም አለ። ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው።

የትም ብትገዙ ገንዘብ በግለሰብ ሒሳብ አታስገቡ። የባልደረባዬ የገባው በቢሮው ሠራተኛ ስም ነው፤ የሰጧት ደረሰኝም በእጅ የተጻፈ፣ ቲን ቁጥር የሌለው ነው። ዶላር በእጅ አምጡ ካሏችሁ ውጡ። የከፈላችሁት ቀብድ መሆኑን በጽሑፍ አስሰፍሩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የተወ ወገን እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ትክክለኛ መረጃና ደረሰኝ ማግኘትም በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሰጠን መብት ነው።

ለተመሳሳይ ጉዞ ስታዲየም አካባቢ ከፍላችሁ ገንዘባችሁ የተያዘባችሁ ካላችሁ የደረሰኙን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አቤቱታውን ለንግድ ቢሮ በጋራ ልናስገባ ነው።