የትኛውን ኮሜንተሪ ልግዛ? ፊልም ላይ ሲወራ መስማት ለሚወድ ሰው

መጀመሪያ የሰማሁት በስህተት ነው። የግርጌ ጽሑፍ ፍለጋ የሪሞቱን ቁልፎች ስነካካ «ኦዲዮ» የሚለውን ተጫንኩ። የተዋናዮቹ ድምፅ ወደ ኋላ ሸሸና ሁለት ሰዎች በላዩ ላይ ማውራት ጀመሩ። ዲስኩ የተበላሸ መሰለኝ። አንደኛው ዳይሬክተሩ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ኮሜንተሪ ማለት ይሄ ነው። ፊልሙ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ የሠሩት ሰዎች ወይም አንድ ሐያሲ በላዩ ላይ ያወራሉ። የተጀመረው በ1984 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ክራይቴሪየን የተባለው ድርጅት የድሮውን «ኪንግ ኮንግ» በሌዘርዲስክ (ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቅ የፊልም ዲስክ) ሲያወጣ የፊልም ታሪክ አዋቂው ሮናልድ ሃቨር ተናገረበት። ዲቪዲ ሲመጣ ነገሩ ተስፋፋ። ኦንላይን ፊልም የሚያሳዩት ግን ኮሜንተሪውን ብዙ ጊዜ አያካትቱትም። ፍላሽ ላይ ተጭኖ በሚሸጥ ፊልምማ አይታሰብም። ስለዚህ ዲስኩን መግዛት ግድ ይላል። ጥያቄው የቱን ነው።

ለመማር ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ «ሲቲዝን ኬን»ን አንሱ። ዋርነር በ2001 ያወጣው ባለ ሁለት ዲስኩ ቅጂ ሁለት ኮሜንተሪ አለው። አንዱ የሐያሲው የሮጀር ኢበርት ነው፤ ሌላው የፊልሙን ሠሪ ኦርሰን ዌልስን በቅርብ ያውቀው የነበረው የሌላ ዳይሬክተር የፒተር ቦግዳኖቪች። ኢበርት ፊልሙን ከሠሩት ሰዎች አንዱ አይደለም። ያለው ዓይን ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ላይ ለብዙ ዓመታት ፊልም እያስቆመ ከተመልካች ጋር ትዕይንት በትዕይንት ሲበልት የኖረ ሰው ነው፤ ያ ልምድ እዚህም ይሰማል። የክፍሎቹ ጣሪያ ጨርቅ መሆኑን፣ ማይክራፎኑም ከጨርቁ በላይ መደበቁን ይነግራችኋል። ካሜራማኑ ግሬግ ቶላንድ አፍንጫችሁ ሥር ያለውንም ጥግ የቆመውንም ሰው እኩል ጥርት አድርጎ እንዴት እንደያዘ ያሳያችኋል። እውነተኛ ቤት የመሰላችሁ ሥዕል ሆኖ ይገኛል።

ጉድለት አለው። ሰውየው አይተነፍስም። 119 ደቂቃ ሙሉ እንግሊዝኛ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ እኔ በሦስት ቀን ከፋፍዬ ነው የጨረስኩት። ቦግዳኖቪች ረጋ ይላል። ከኢበርት በኋላ ሲሰሙት ግን እንደ ቀዘቀዘ ቡና ነው።

«ዘ ላይሚ» ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ያለው ጠብ ነው። በ1999 የወጣ ፊልም ሲሆን ቴረንስ ስታምፕ የሴት ልጁን አሟሟት ሊያጣራ ከእንግሊዝ ሎስ አንጀለስ የሚመጣ ወንጀለኛ ሆኖ ይጫወታል። ማይክራፎኑ ፊት የተቀመጡት ዳይሬክተሩ ስቲቨን ሶደርበርግና ጸሐፊው ሌም ዶብስ ናቸው። ዶብስ ተቀይሟል። የጻፍኩት ተቆርጦብኛል፣ ገጸ ባሕርያቱ ሳስተዋል ባይ ነው። ሶደርበርግ ይከራከራል፣ ይመልሳል፣ ግን ተነስቶ አይወጣም። ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ሳይጠሩ አንድ ቤት ተቀምጠው ሲወቃቀሱ የመስማት ያህል ነው።

ይህን ያህል የምወደው ለነገር ሱስ ብዬ አይደለም። አብዛኛው ኮሜንተሪ መሞጋገስ ነው። ይቺ ጎበዝ ናት፣ እሱ ትሑት ነው፣ ከነሱ ጋር መሥራት መታደል ነው፤ የሠርግ ምርቃት በሉት። ዶብስ ሲያማርር ግን አንድ ገጽ ስክሪፕት ካሜራ ፊት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ ከኢበርት በፊት ይህን ስሙ። ፊልሙም 89 ደቂቃ ብቻ ነው።

ብዛት ለሚወድ ደግሞ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» አለ። የመጀመሪያው ክፍል የረዘመው ቅጂ 208 ደቂቃ ነው፤ አራት ኮሜንተሪ አለው። አንዱን ፒተር ጃክሰንና አብረውት የጻፉት ሁለት ሴቶች ይዘውታል፤ ሁለተኛውን የዲዛይን ሰዎች፣ ሦስተኛውን የፕሮዳክሽን ሰዎች፣ አራተኛውን ተዋናዮች። ሁሉንም ልስማ ያለ ወደ 14 ሰዓት ያስፈልገዋል። እውነቱን ለመናገር የጃክሰንን ስሙና ይብቃችሁ፤ ሰውየው ስለ ራሱ ስህተት ሳይቀር እየሳቀ ያወራል። የተዋናዮቹ ደስ የሚለው ክሪስቶፈር ሊ ሲናገር ነው፤ ከተዋናዮቹ መካከል ደራሲውን ቶልኪንን በአካል ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

ለሳቅስ? «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» እና «ኮናን ዘ ባርባሪያን»። የመጀመሪያው ሆን ብሎ ያስቃል፣ ሁለተኛው ሳያውቅ። ስፓይናል ታፕ ስለ አንድ የፈጠራ ሮክ ባንድ የተሠራ የውሸት ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ሦስቱ ተዋናዮች ኮሜንተሪውን የሚሰጡት እንደ ራሳቸው አይደለም። እንደ ፊልሙ ሙዚቀኞች ሆነው፣ ዳይሬክተሩ አዋረደን እያሉ ፊልሙን ሲረግሙ ይቆያሉ። ሌላ ፊልም ያገኛችሁ ያህል ነው። ኮናን ላይ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ከዳይሬክተሩ ከጆን ሚሊየስ ጋር ተቀምጦ በአብዛኛው እኛም የምናየውን ይተርካል። አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም የሚተርክበትን ትርጉም ፊልም ለለመደ የአዲስ አበባ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ ከሁሉም የሚመቸው ይሄ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ኮሜንተሪ ብዙ ጊዜ የግርጌ ጽሑፍ የለውም።

ከቴሌቪዥን «ዘ ሲምፕሰንስ» ይበቃኛል። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ሲዝን 13 ክፍሎች አሉት፤ ሁሉም ላይ ኮሜንተሪ አለ። እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው፤ እራት እየተበላ ያልቃል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሽፋኑን ጀርባ አንብቡ። የፊልሙ ስም አንድ ሆኖ ዲስኩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሙዚቀኞቹ የሚራገሙበት ስፓይናል ታፕ ኤምጂኤም በ2000 ያወጣው ነው፤ ከዚያ በፊት በወጣው የክራይቴሪየን ዲስክ ላይ እነዚያው ተዋናዮች እንደ ራሳቸው ሆነው ነው የሚያወሩት። የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስም በነሐሴ 2002 የወጣው ባለ ሁለት ዲስክ ምንም ኮሜንተሪ የለውም፤ የምትፈልጉት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የወጣው ባለ አራት ዲስኩ ነው። እኔ ዋጋው ረከሰልኝ ብዬ ባለ ሁለቱን ገዝቼ ተቃጥያለሁ።

ሪጅንም አለ፤ ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ማጫወቻም የሌላውን ክፍል ዲስክ ላያነብ ይችላል። የአሜሪካ ዲስክ ሪጅን 1 ነው፣ የአውሮፓ፣ የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሪጅን 2፣ ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ላይ ነች። ዲሲ ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከላችሁ ዲስክ አዲስ አበባ ያለው ማጫወቻችሁ ላይ እምቢ ካለ ዘመዳችሁን አትውቀሱ። ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ ፈልጉ።

አንድ ብቻ ግዛ ብባል «ዘ ላይሚ»ን ነው የምገዛው። ሁለት ጊዜም ገዝቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ለጓደኛዬ አውሼው ቀረ። ኮሜንተሪው እንዴት ነበር ስለው «የቱ ኮሜንተሪ?» አለኝ።