ባትሪው የወረደለት ራሊ ዋን፦ ከደብረ ማርቆስ ሆነን ስናየው

ነጥቤን ከፊት ላስቀምጥ፤ ከ10 7 ተኩል። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ትልቁ መኪና፣ ራሊ ዋን የሚሉት፣ ሃይብሪዱ ከወጣለት ወዲህ ሰው ሆኗል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በኋላ እንዳንጣላ።

ለማያውቅ ሰው ከመነሻው ልጀምር። መኪናው በ2022 ሲመጣ ሁለት ጉልበት ይዞ ነው የመጣው። አንደኛው ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር ነው። ሁለተኛው ከኋላ የተጫነ ባለ 100 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ሞተር ከነባትሪው፤ ሃይብሪድ የምለው ይሄን ነው። ፍሬን ሲያዝ ይሞላል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይለቀዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ500 የፈረስ ጉልበት ያልፋሉ። ወረቀት ላይ እሳት ነው። በ2024 መጨረሻ ግን ሕጉን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሃሳቡን ቀየረና ከ2025 ጀምሮ ያለ ሃይብሪድ ተወዳደሩ አለ።

ደግ አደረገ። ያ ሃይብሪድ ለሁሉም ቡድን ከአንድ አቅራቢ የሚመጣ የታሸገ ዕቃ ነበር፤ የቡድኑ መካኒክ ከፍቶ ልጠግነው ቢል አይፈቀድለትም። መኪናው ላይ አረንጓዴና ቀይ መብራት ነበረ። ቀዩ ከበራ ኤሌክትሪኩ አደገኛ ነው ማለት ስለሆነ ማንም አይጠጋውም፣ ሹፌሩም ጥሎት ይወርዳል። ራሊ እኮ ሹፌርና ረዳቱ መንገድ ዳር ቆመው በመፍቻና በገመድ መኪናቸውን አስነስተው የሚጨርሱበት ውድድር ነው! እኛ ውድድሩን የምናየው ከሥራ በኋላ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበን ነው፤ የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ያን ቀይ መብራት ባዩ ቁጥር «ሰውዬው መኪና ነው የሚነዳው ወይስ ትራንስፎርመር ነው የሚጠብቀው?» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ለውጡ። የመኪናው ዝቅተኛ ክብደት ከ1,260 ኪሎ ወደ 1,180 ወረደ። ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው የቢቸና ጤፍ ከላዩ ላይ አራገፉለት በሉት። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ጭነት ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ክብደት ፍሬንን ምን እንደሚያደርገው አስረዱኝ አይልም። ለእኔ ትልቁ ማሻሻያ ይሄ ነው። መኪናው መታጠፊያ ላይ ቶሎ ይዞራል፣ ኋላው አይጎተትም፣ ዘሎ ሲያርፍም እንደ ድሮው አይከብደውም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ባትሪውን አውጥተው ክብደቱን ብቻ ቢቀንሱ ኖሮ ሞተሩ ለመኪናው ይበዛበት ነበር። ስለዚህ አየር የሚገባበትን ማጥበቢያ፣ ሪስትሪክተሩን፣ ከ36 ሚሊ ሜትር ወደ 35 አወረዱት። አንድ ሚሊ ሜትር! ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ የዘይት ፊልትሮ ካርቶን ቀደደና በካሊፐር እየለካ ሁለት ክብ ሳለልን፣ አንዱ ባለ 36 አንዱ ባለ 35፤ ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይኑ የለየ አልነበረም። ሂሳቡ ሲሠራ ግን የቀዳዳው ስፋት 5 በመቶ ተኩል ገደማ ቀንሷል። አየር ደግሞ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የድምፅን ፍጥነት ከደረሰ በቃ፣ ከዚያ በላይ አያልፍም። ቱርቦው ቢያብድም አያልፍም። አየር ካላለፈ ነዳጅ አይቃጠልም፣ ነዳጅ ካልተቃጠለ ጉልበት የለም። ማንንም ፋብሪካ አዲስ ሞተር ሥራ ሳትለው በአንዲት ቀለበት ጉልበቱን መቆጣጠር፣ ይሄ ነው ብልሃት ማለት። ከባትሪው ጣጣ ጋር ሲተያይ እዳው ገብስ ነው።

በዚያው ዓመት ጎማውም ከፒሬሊ ወደ ሃንኩክ ተቀይሯል። እሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

መኪናውን መመዘን የፈለገ የኬንያውን ውድድር፣ ሳፋሪ ራሊን ይይ። ኬንያ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ እንቅልፍ አናጣበትም፤ ኔት ካልከዳን ማለት ነው። ናይቫሻ አካባቢ ኬዶንግ የሚሉት መንገድ አለ፣ አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ጎማው ሲገባበት ይሰወራል። መኪኖቹ ሞተሩ አቧራና ውኃ እንዳይስብ ወደ ላይ የወጣ የአየር ቱቦ ይገጠምላቸዋል። ዝናብ ከጣለ ያ ሁሉ አቧራ ጭቃ ይሆናል፤ ዋልካ ላይ በክረምት የነዳ ጎጃሜ ነገሩ ይገባዋል። የ2025ቱን ኤልፊን ኢቫንስ በቶዮታ አሸንፏል።

ነጥብ የቀነስኩበት ምክንያት? አንደኛ ፉክክሩ። መኪናው ተሻሻለ እንጂ ውድድሩ አልተመጣጠነም። በ2025 ከነበሩት 14 ውድድሮች ቶዮታ 12ቱን ጠቅልሎ ወሰደ፣ የቶዮታው ሹፌር ሴባስቲያን ኦዢየርም ዘጠነኛ የዓለም ዋንጫውን አነሳ። ፋብሪካዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቶዮታ፣ ሂዩንዳይና ፎርድ። ሦስት ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ ምን ገበያ ነው? ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፤ ኦሊቨር ሶልበርግ ከታችኛው ምድብ መጥቶ የቶዮታውን ራሊ ዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በተወዳደረበት በኢስቶኒያ አሸንፏል። በድሮው ከባድ ሃይብሪድ ይሄ የሚሆን አይመስለኝም።

ሁለተኛ ቅሬታዬ ለቪትዝ ባለቤቶች ነው። ቪትዝና ያሪስ አንድ መኪና ናቸው፣ ጃፓን ውስጥም ከ2020 ወዲህ ስሙ ያሪስ ሆኗል። የቶዮታው ራሊ ዋንም ያሪስ ስለሚባል ሰው ሁሉ ቲቪው ላይ ያሪስን ሲያይ «የኔዋ ናት» ይላል። አይደለችም ወንድሜ። ከ2022 ጀምሮ ራሊ ዋን ከውስጥ በብረት ቱቦ የተበየደ አጥር ነው፤ ላዩ ላይ የምታዩት ቅርፊት ነው። ከመንገድ መኪና እየራቀ ነው የሄደው። ይሄ ይቆጨኛል።

በ2027 ደግሞ ሌላ ሕግ ይመጣል። የመኪናው ዋጋ ከ345,000 ዩሮ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሞተሩም ካምቢዮውም ራሊ ቱ ከሚባለው ከታችኛው ምድብ ይመጣል፣ ጉልበቱም 300 ፈረስ ገደማ ይሆናል፤ ትልቅ ፋብሪካ ያልሆነ ድርጅትም ሠርቶ ማቅረብ ይችላል። «300 ምን አላት» የሚሉ አሉ። ተዉ እንጂ! ጉልበት ሲበዛ የሚመጣው በ1986 ኮርሲካ ላይ ታይቷል፤ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ገደል ገብተው ተቃጥለው ሞቱ፣ ግሩፕ ቢ የተባለው የጉልበተኞቹ መኪኖች ምድብም በዓመቱ ከሻምፒዮናው ወጣ። እኔ 300 ፈረስ ያላቸው ዐሥራ አምስት መኪኖች ሲተናነቁ ባይ እመርጣለሁ። ዋናው ዋጋው ነው። ዋጋው ከወረደ አዲስ ተወዳዳሪ ይገባል፣ ካልወረደ ያው ሦስቱ ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ ከሰማይ የሚቀረጸውን ተዉትና መኪናው ውስጥ ያለውን ካሜራ ምረጡ። ከ2022 ወዲህ ማርሹ ከመሪው ኋላ የሚነካ ነገር አይደለም፣ በእጅ የሚጎተት ባለ አምስት ማርሽ ዘንግ ነው። የሹፌሩን ቀኝ እጅ ተከታተሉ፣ ረዳቱ ስለሚመጣው መታጠፊያ የሚያነብለትን ስሙ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጉት፤ ሞተሩ አሁን ብቻውን ነው የሚጮኸው።